ቀዩ ጨርቅ የወረደ ዕለት

የውሃው ባለሙያ እኔን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በርጩማ። ስለ ወንዙ ባለወፍጮውን ጠየቀው፤ እዚህ ከመጣ ሦስት ዓመት ያልሞላውን ሰውዬ። አስተማሪዋን ጠየቃት፤ ከቧንቧ በቀር ውሃ ሲፈስ አይታ የማታውቀውን። የእኔ ደጅ ሲደርስ ወረቀቱን ብብቱ ሥር ሸጎጠና «እማማ፣ በርጩማ ካለዎት ለስብሰባው ያውሱን» አለኝ። ሰባ ሦስት ዓመት ከዚህ ወንዝ ጋር የኖርኩት ሴትዮ ለመቀመጫ ተፈለግሁ። ሰጠሁት። ተከትዬውም ሄድኩ፤ የእኔ በርጩማ ያለ እኔ ስብሰባ አይቀመጥም።

ስብሰባው የድሮው ጉድጓድ በደለል ከተደፈነ ወዲህ ስለሚቆፈረው አዲስ ጉድጓድ ነበር። ባለሙያው ቆሞ «ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ደለሉ ወፍራም ነው፤ ብዙ ሳንቆፍር ውሃ እናገኛለን። የወንዙንም ውሃ አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ እጄን አነሳሁ።

«እዚያ አይሆንም።»

«ለምን እማማ?»

«ደለሉ መጥፎ ነው።»

«ማን ነገረዎት?»

እንደሌላ ቀን ቢሆን ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስ ነው የምመልሰው። ይቺ ጥያቄ ግን አፌን ዘጋችው። የቀበሌው ሊቀመንበር ደስ አለው፤ ሳቅ ብሎ ወደ ሰዉ ዞረ። «የባለጨርቁ ልጅ እንዲህ ይላሉ? ነፍሳቸውን ይማርና አባትዎ ጨርቁን ሲያወርዱ ሠፈሩ በሙሉ ከዚያ አይደለም ወይ ሲጠጣ የኖረው? ማን ሞተ?»

የባለሙያው እስክሪብቶ እኔ ስናገር አልተነቃነቀም። ሊቀመንበሩ ሲናገር ጻፈ።

ማን ሞተ ነው ያለኝ። እንግዲህ ማን እንደሞተ ልናገር።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ከቤታችን በላይ፣ ከተራራው ወገብ ላይ፣ ዋሻ አለ፤ እኔ ሳልወለድ መዳብ ሲያወጡበት ኖረው ትተውት የሄዱበት የማዕድን ዋሻ። ሰዎቹ ሄዱ እንጂ ውሃው አልሄደም። ከዋሻው አፍ ሳያቋርጥ ይፈሳል፤ ሰማያዊ ነው፣ ጥርት ያለ፣ እንቁራሪት እንኳ የማይገባበት። ቀምሼዋለሁ። ምስማር የመምጠጥ ያህል ነው፤ ጥርስ ያጠርሳል።

አባቴ ከዋሻው አፍ በታች ስድስት የእንጨት ገንዳዎች እንደ ደረጃ ደርድሮ ውሃውን በእነሱ ያሳልፈዋል። ገንዳዎቹ ውስጥ ያገኘውን ብረት ሁሉ ይጥላል፤ የተቀደደ ቆርቆሮ፣ የዛገ ምስማር፣ የተሰበረ ማጭድ፣ የአልጋ ሽቦ። ውሃው ብረቱን ይበላዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አባቴ እጁን ሰድዶ ማጭዱን ሲያወጣው ማጭድነቱ ቀርቷል፤ በቀይ ቅርፊት የተሸፈነ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ነገር ሆኗል። ቅርፊቱን በመጥረጊያ ያራግፋል። ከገንዳው ሥር የሚቀረው ቀይ ጭቃ መዳብ ነው። ሲደርቅ ከከተማ የሚመጣው አንጥረኛ ይወስደዋል።

እኔ ታዲያ ውሃው ብረት ተቀብሎ መዳብ የሚመልስ፣ አባቴም ውሃውን «መልስ!» ብሎ የሚያዝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የእናቴን መርፌ ከተትኩለት።

«መርፌዬን ምን አደረግሻት?»

«መዳብ ልትሆንልሽ ነው።»

«አንቺ ልጅ! እኔ የምትሰፋ መርፌ እንጂ የምታብረቀርቅ መች ፈለግሁ!»

ገንዳዎቹ የሚታጠቡበት ቀን ነበረ። አባቴ ውታፋቸውን ከሥር ሲነቅለው የተጠራቀመው ቢጫ አተላ እየተንደቀደቀ ወደ ወንዙ ይለቀቃል፤ ወንዙም የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል። አባቴ ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ነው። በዚያ ቀን ማንም ከወንዙም ከዳሩ ጉድጓድም እንዳይቀዳ መታጠፊያው ላይ ረጅም እንጨት ተክሎ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላል። የእናቴ አሮጌ ቀሚስ ነበር። ባለጨርቁ የተባለው በዚሁ ነው። ወንዙ ውስጥ፣ ውሃው ወገብ በሚያክልበት ቦታ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ ነጭ ሳህን በድንጋይ አስደግፎ አስቀምጧል። ውሃው ጠርቶ ሳህኑ ሙሉ ለሙሉ ሲታይ ጨርቁ ይወርዳል፣ ሰውም ይቀዳል። ሳህኑን የምታየውና ጨርቁን የምታወርደው እኔ ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሠፈሩ ደግሞ የእኔን ዓይን ይጠብቃል! ሴቶቹ ባልዲያቸውን ደርድረው ይቀመጡና ይተርቡኛል።

«ዳኛዋ፣ ዛሬስ ፍርዱ መቼ ነው?»

«ገና ነው።»

«ገና ገና ስትይ ጸጉሬ ሸበተ እኮ!»

«ተያት፣ ከአባቷ ወርሳ ነው። እሱም ለሠርጉ ሳህን እስኪታየው ጠብቆ ነው ያገባው።»

አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ቤቷ እዚያው መታጠፊያው ላይ ነበር፤ ከወንዙ አሥር እርምጃ። ሁሉም የሚቀዳበት ጉድጓድ በእሷ ጓሮ፣ ደለሉ ውስጥ የተቆፈረ ነው። ጎመኗም የሚበቅለው እዚያው ደለል ላይ ነው። እኔ አክስቴን የምወዳት በእጇ ነበር። መዳፏ ሻካራ ነው፤ ጠጣር ጠጣር ጉብታ አለው፣ ክንዷም ላይ አቧራ ላይ እንደወደቀ የዝናብ ጠብታ ጥቁር ነጠብጣብ ነበራት። ጀርባዬን ስታክልኝ ዓይኔ ይከደናል።

«አክስቴ፣ እጅሽ ለምን እንዲህ ሆነ?»

«ሥራ ነው የኔ ልጅ። ሥራ የሚወድ ሰው እጅ እንዲህ ነው።»

የእናቴን መዳፍ አየሁት፤ ለስላሳ ነው። እናቴ ሰነፍ ናት ብዬ ደመደምኩ። ንጋት ላይ ተነስታ ፀሐይ እስክትጠልቅ የማትቀመጠዋን ሴትዮ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠራተኛ እጅ ጨብጫለሁ፤ ሥራ እንደዚያ ያደረገው መዳፍ ግን አንድም አላየሁም።

ያን ዕለት ነፋስ ነበረ። ውሃው ይሸበሸባል። ሳህኑን ባየው ባየው ጠርዙ ብቻ፣ እንደተቆረጠ ጥፍር ቀጭን ሆኖ፣ ብቅ ይላል፤ መልሶ ይጠፋል። ሴቶቹ ሰልችቷቸዋል። አክስቴ ሕፃኗን አዝላ መጣች። ሰባት ወሯ ነው። የአክስቴ ጡት ደርቆባት ስለነበር የላም ወተት በውሃ እያቀጠነች ነበር የምታጠጣት።

«የኔ ዳኛ፣ የትናንቱ ውሃ አለቀ። ይቺ ልጅ ጉሮሮዋ ደረቀ። አልታየሽም?»

«ጠርዙ…»

«ጠርዙ ከታየ ሳህኑ የት ይሄዳል!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ «ተነስቶ ሄዶ ይሆናል!» አለች። እኔም ከእነሱ ጋር መሳቅ አማረኝ።

«ታየኝ» አልኩ።

አልታየኝም። ገመዱን ፈታሁ፣ ጨርቁም ወረደ።

አክስቴ ከሁሉ ቀድማ ከጉድጓዱ ቀዳች። በእፍኟ ይዛ ለሕፃኗ አቀመሰቻት፤ ሕፃኗ አገጯ እየራሰ ሳቀች። እኔ ወደ ወንዙ ዞሬ ሳህኑን ፈለግሁት። ጠርዙም የለም። 

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ አክስቴ አጥር ሥር ነበርኩ።

«ምን ፈልገሽ ነው በጠዋቱ?»

«ልጅቷን ልያት።»

«ተኝታለች። ሲያስመልሳት ነው ያደረው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሄድኩ። ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልኩ፣ እግሬ ውሃ ሳይነካው ከተሻገርኩ ዛሬ ትድናለች እላለሁ። ሳልነካው እሻገራለሁ፤ እሷ አልዳነችም። ደግሞ ትንፋሼን ይዤ እስከ አጥሩ ከደረስኩ እላለሁ። እደርሳለሁ፤ አሁንም የለም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስሄድ ከቤቱ ለቅሶ ይሰማል፣ በሩ ላይም ብዙ ጫማ ነበር። አልገባሁም።

ዛሬ የማውቀውን ያኔ ብነግራት ለዚያች የስምንት ዓመት ልጅ! ሕፃኗ ከአራት ወሯ ጀምሮ ሲያስመልሳት ነው የከረመው። ሴቶቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ «ጥርሷ ሊወጣ ነው» ይሉ ነበር። እኔ አልሰማሁም። ጨርቁን እስካወረድኩበት ቀን ድረስ የሕፃን ትውከት የእኔ ጉዳይ አልነበረማ።

ቤታችን ውስጥ ወሬ በሹክሹክታ ሆነ። ስገባ ያቆማሉ። እናቴ ግንባሬን ትዳስሳለች፤ «ይቺ ልጅ ምን ነካት? እህል አልወርድ አላት» ትላለች። አባቴ ከሞሰቡ ዞር ይላል። እሱም አይበላም ነበር፤ እኔ ግን በእኔ ተናዶ ነው ብያለሁ።

ከዚያ አንጥረኛው መጣ። ረጅም ነው፣ ሲናገር ድምፁ ከገንዳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ከአባቴ ጋር ከላይኛው ገንዳ ዘንድ ቆሙ። እኔ ከታችኛው ጀርባ ቁራጭ ብረት እየለየሁ ነበር፤ አላዩኝም።

«አምና ነግሬህ ነበር» አለ አንጥረኛው።

«ቀስ በል እባክህ።»

«ጥፋቱ ከዚህ ነው የወጣው። አንተም ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ!»

«ታዲያ ለእህትህ ንገራት።»

«ብነግራት በምን ዓይኔ ነው የማያት? ሰዉስ ዝም ይለኛል? ነገውኑ ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ልጆቼ ምን ይሆናሉ?»

«ወንድሜ፣ ውሃው ያልፋል። እሱ ግን አያልፍም። እዚያው ይቀመጣል።»

እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ፤ እያንዳንዷንም በራሴ ላይ ለጠፍኳት። ጥፋቱ ከዚህ ቤት ወጣ፤ ከእኔ። አምና ነግሬህ ነበር፤ አዎ፣ አምናም አንድ ቀን ቸኩዬ አውርጄዋለሁ፣ ማን አየኝ? አያልፍም ያለው ኃጢአቴን ነው። ሰዉ ድንጋይ ይዞ የሚመጣው ደግሞ ለእኔ። ድንጋዩ የዋሻውን አፍ ለመድፈን መሆኑን ማን ይንገረኝ? ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ጎንበስ ባለ ቁጥር እሮጥ ነበር።

አላስችል አለኝ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ገንዳ ሲያጥብ አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

«አንቺ መሆንሽንማ አየሁ። ምን ፈለግሽ?»

«ሳህኑ ሳይታየኝ ነው ያወረድኩት። ልጅቷን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

መጥረጊያውን አስቀመጠ። አየኝ። አሁን ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አልመታኝም። ስገልጠው ትከሻው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከባድ ነገር ተሸክሞ ኖሮ መሬት ያወረደ ሰው ይመስላል። እኔ አዝኖልኝ ነው ብያለሁ። መሬት አለመሆኑን፣ ያወረደው በእኔ ላይ መሆኑን ለማወቅ ሃያ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

በርከክ ብሎ ፊቴን በእጅጌው ጠረገልኝ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽም ቢሆን። ይሄ የእኔና የአንቺ ነው።»

«አክስቴ ትጠላኛለች?»

«ካላወቀች አትጠላሽም።»

በዚያን ዕለት በዓለም ላይ ከአባቴ የሚበልጥ ደግ ሰው አልነበረም።

አራት ዓመት ተጨማሪ ጨርቅ ሰቀልኩ፣ አወረድኩ። የሳህኑን ሽርፍራፊ አንድ በአንድ ሳልቆጥር ገመዱን አልነካም። ሴቶቹ ሰደቡኝ፣ ባልዲ ወረወሩብኝ፤ ንቅንቅ የለም። አክስቴ «ነይ ጀርባሽን ልከክልሽ» ስትለኝ እሸሻለሁ። «ምን አድርጌሽ ነው የኔ ልጅ?» ትላለች። ልጇን የቀበረች ሴት እኔን ምን አድርጌሽ ነው ትለኛለች! በዓመቱ አባቴ «ይሄ ቤት አልበጀሽም» ብሎ ከኮረብታው ላይ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ በገዛ እጁ ቤት ሠራላት። ሰዉ «ወንድም ካሉ እንደዚህ!» አለ። እዚያ ሁለት ልጆች ወለደች፣ ሁለቱም አደጉ። መዳፏም እያደር ለሰለሰ። ለእሷ ይህን አደረገ፤ አልክድም። ለቀረው ሰው ግን ጨርቁን መስቀልና ማውረዱን ቀጠለ፤ ሰዉም ከዚያው ጉድጓድ መጠጣቱን። ስንቱ በሆዱ፣ ስንቱ በቆዳው ታሞ እንደሄደ የጻፈው የለም።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ላይ የራሴን ልጅ ይዤ ከተማ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ጎኔ ተቀምጧል። ከነርሷ ጋር ስጨቃጨቅ ሰማኝና ሳቀ።

«ይሄን ምላስ አውቀዋለሁ። የባለጨርቁ ልጅ አይደለሽም?»

አንጥረኛው ነበር።

«አባትሽ አክስትሽንስ ከዚያ ደለል አነሳት?»

«ከምን ደለል ጋሼ?»

ከዚያ ነገረኝ። መታጠፊያው ላይ መዳብ ተጠራቅሞ ይሆናል ብሎ ከደለሉ አንድ ከረጢት አስቆፍሮ ከተማ አስመርምሮ ነበር። መዳቡ ጥቂት ነው፤ ከዋሻው አብሮት የወረደው መርዝ ግን መዓት። «ይሄን የሚጠጣ ሰው እጁ ይሻክራል፣ ሕፃን ደግሞ አይችለውም» አሉት። ሄዶ ለአባቴ ነገረው። ሕፃኗ ከመሞቷ አንድ ዓመት ሙሉ ቀደም ብሎ።

«ጨርቁስ?» አልኩት። 

«ጨርቁ ምን ያደርጋል ልጄ? ውሃ ሲሮጥ ይሸከማል፣ ሲደክመው ያወርዳል። መታጠፊያው ላይ ይደክመዋል። ያወረደው እዚያው ደለሉ ውስጥ ይተኛል፣ ወደ ጉድጓዱም ይሰርጋል። በደፈረሰ ቀንማ ማን ይጠጣል? ሰው የሚጠጣው ጠራ በተባለ ቀን ነው።»

እኔ ብዋሽም ባልዋሽም፣ ሳህኑ ቢታይም ባይታይም፣ ያቺ ልጅ የምትጠጣው ያንኑ ነበር። ይህን አባቴ ያውቅ ነበር፤ እያወቀ ነው ፊቴን የጠረገልኝ።

ቤት ስደርስ አባቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ውሃ ለመነኝ። ሰጠሁት። አልጠየቅሁትም። በሁለት ዓመቱ ሲሞት አገር ተሰበሰበ፤ «ለሰው አሳቢው ባለጨርቁ» ተብሎ ተለቀሰ። ቆሜ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ተባልኩ። አባት ነዋ! ምን ልበል?  ለሌላ ነገር ሁሉ አፍ ያለኝ ሴት ለዚህ አጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ግን መቆፈሪያው መኪና መታጠፊያው ላይ ሲቆም አየሁት። ሰዉ ወጥቷል። የአክስቴ የልጅ ልጅም እዚያ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል፣ አዲስ ባልዲ ይዛለች። «ከዚህ በኋላ ኮረብታ አልወጣም፣ ወገቤ አለቀ» ብላ ትስቃለች። ሳቋ የአክስቴ ነው።

ገብቼ መቆፈሪያው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆምኩ።

«እማማ፣ አደጋ አለው፣ ዞር ይበሉ» አለኝ ባለሙያው።

«ማን ነገረዎት ብለኸኝ ነበር። አባቴን የነገረው አንጥረኛ ነው የነገረኝ።»

ከዚያ አሁን የተናገርኩትን ያህል ለእሱ ነገርኩት፤ በሰዉ ሁሉ ፊት፣ ምንም ሳላስቀር። ሊቀመንበሩ «የሞተ ሰው ስም…» ብሎ ጀመረ።

«የእኔ አባት ነው የሞተው» አልኩት። «ያንተ ሲሞት አንተ ትናገራለህ።»

ባለሙያው ውሃውን አየ። ጥርት ያለ ነው፤ ጠጠሩ ይቆጠራል። «እማማ፣ ያ እኮ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆነው። ወንዙ እስካሁን አጥቦ ወስዶታል።»

«ውሃውን ተወው። ውሃው መንገደኛ ነው። በየክረምቱ ከዋሻው እያመጣ እላዩ ላይ ይጨምርበታል እንጂ አያጥበውም። አካፋ አንሳና ክንድህን የሚያህል ቆፍር።»

ከልቡ አምኖኝ አይደለም፤ ሰዉ ስላየው ነው የቆፈረው። ላዩ ግራጫ ነው። ክንድ ሙሉ ሲደርስ ቢጫ መጣ፤ ከሥሩ ግራጫ፣ ከዚያ እንደገና ቢጫ፣ ንብርብር።  ጭቃውን በጣቱ ነክቶ ቶሎ በሱሪው ጠረገው።

የአክስቴ የልጅ ልጅ ባልዲውን መሬት አስቀምጣ ነበር። «አያቴ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አታውቅም። ከእኔ ሳትሰማ ነው የሞተችው።»

ቀና ብላ አላየችኝም። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

ባለሙያው ጭቃውን በላስቲክ ቋጠረ፤ ተመርምሮ እስኪመጣ ሥራው ይቆማል አለ። ወረቀቱን አወጣና «በአካባቢው ነዋሪ ጥቆማ መሠረት ብዬ እጽፈዋለሁ» አለኝ።

«የለም» አልኩት። «እንደዚያ ብለህ አትጽፍም። እንዲህ ብለህ ጻፍ፤ አባትየው ያውቅ ነበር። ልጅየዋም አርባ ሁለት ዓመት አውቃ ዝም ብላለች። የሰባት ወር ሕፃን ሞታለች፣ ሌሎቹን የቆጠረ የለም። ጽፈህ ስትጨርስ ለእነዚህ ሁሉ ጮክ ብለህ ታነብላቸዋለህ። ማንበብ አትችልም ብለህ አንዲት ቃል እንዳትዘልብኝ፤ እዚሁ ቆሜ እሰማሃለሁ። በል፣ ጻፍ።»